ጾመሽ ነይ

መምህር ኣርኣያ በሕይወቱ ሁለት ሙያ ነበረው፤ ሁለቱም ሌላ ሰው ያለውን መድገም ነው። መጀመሪያ ደሴ ላይ መጽሐፍ ያለውን ለተማሪ ደገመ፤ በኋላ ናይሮቢ ላይ ስደተኛ ያለውን ለፈረንጅ፣ ፈረንጅ ያለውን ለስደተኛ። የከረን ልጅ ነው። እንግሊዝኛውን ከካቶሊክ አባቶች ትምህርት ቤት በአለንጋ ተማረ፣ አማርኛውን ደሴ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማረበት፤ ደርግ መምህሩንም ተማሪውንም ማጨድ ሲጀምር በሞያሌ በኩል ነፍሱን ይዞ ወጣ። አሁን ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ደክሟል፤ ከጉልበቱ ይልቅ ግን ምላሱ ደክሟል።

ምላስ ይደክማል ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። የሚስቅ ሰው እስኪ ሰባት ዓመት ሙሉ በስደተኞች ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ወንድሜን ከቤት አውጥተው ገደሉት" ሲል ይዋል። የአስተርጓሚ ሕጉ ባለጉዳዩ "እኔ" ካለ አንተም "እኔ" በል ነው። እንዲህ ሲል የዋለ ሰው ፓርክላንድስ ካለችው ክፍሉ ሲገባ የሞተው የማን ወንድም እንደሆነ ይምታታበታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ክሊኒክ የማስተርጎም ሥራ ሲመጣለት እፎይ አለ፤ ሳልና ቁርጠት ከሞት ይቀላል ብሎ። ቀለለውም። እንዲያውም ከልክ በላይ ቀለለውና የተነገረውን ቃል ሳያላምጥ ማሳለፍ ጀመረ። መዘዙ የመጣው ከዚያ ነው።

የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ጃኒ ይባላል፤ ናይሮቢ የተወለደ ሕንድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሩንዳ በሚባለው የሀብታም ሰፈር የሚኖሩ ዲፕሎማቶችን ያክምና ቅዳሜን ለድሃ ይሰጣል። ልቡ ደግ፣ ትዕግሥቱ አጭር ነው። ጥሩወርቅን ወደ እሱ የላኳት በጳጉሜን፣ በ1977 ዓመተ ምሕረት ማብቂያ ላይ ነበር።

ጥሩወርቅ ዌስትላንድስ ካለው የወይዘሮ ሙሉሸዋ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ናት፤ አርባ አራት ዓመቷ። የዚያን ነሐሴ ከእምብርቷ በላይ የሆነ ነገር ወግቷት በድስቶቹ መካከል ወደቀች። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛች። የቀዱት ደሟ በጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ከላይ ወተት ሰፈፈበት። ትራይግሊሰራይድ የሚባል የደም ስብ ነው፣ እሱ በዝቶ ቆሽትሽን አቃጥሎታል፣ ዳግመኛ ከመጣ ሊገድልሽ ይችላል አሏት። ኣርኣያ ይህንኑ በክሊኒኩ ሲደግምላት ፈገግ ብላ፣ የእኔ ቆሽትማ ያረረው ባለቤቴን ቀበሌ ጠርቶት የቀረ ዕለት ነው፣ ሐኪሙ ዛሬ ገና ሰማ ወይ አለችው። ኣርኣያ ይህችን አልተረጎማትም። ልተርጉማት ቢልስ ምን ብሎ ይተረጉማታል።

ዶክተር ጃኒ ክሎፊብሬት የሚባል እንክብል አዘዘላት፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ ጋር። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ደሟ ይታያል። በመጨረሻም ያለ ብዙ ሐሳብ፣ ለደም ምርመራው የሚያስፈልገውን አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ጣል አደረገ። ኣርኣያም ያለ ብዙ ሐሳብ አነሣው።

"ጾመሽ ነይ" አላት።

"እሺ" አለች።

አለቀ። ሁለት ቃል ናት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ።

መስከረም ሲያልቅ መጣች፤ ደሟ ወተት ነው። ጥቅምት፣ ኅዳር መጣች፤ ወተት ነው። እንክብሉ ከሁለት ሦስት፣ ከሦስት አራት ሆነ። በጥር ሌላ ፍሬ ተጨመረ፤ ኒኮቲኒክ አሲድ ይሉታል፣ ከተዋጠ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፊትና አንገትን እንደ ምድጃ የሚያነድ ነው። ጥሩወርቅ ምሳ ስታወጣ ፊቷ ቲማቲም ይመስላል። የሥራ ባልደረቦቿ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉ ጀመር። እሷ እንኳን አረቄ ጠላም ጠጥታ አታውቅም። ዶክተር ጃኒም አንድ ቅዳሜ ያንን ፊት አይቶ፣ መጠጥ ይህን ስብ እንደሚያበዛ ያውቃልና፣ ትጠጣለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ኣርኣያ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ጠየቃት። አልተቆጣችም። ብቻ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ከየካቲት ወዲህ ደግሞ እግሯ ከዳት። ጭኗና ባቷ ሌሊቱን ሙሉ ሲወቀጥ ያደረ ይመስላታል፤ ከወንበር ስትነሣ በሁለት እጇ ጠረጴዛ ትይዛለች። ሐኪሙ መድኃኒቱ ጡንቻ እንደሚያሳምም ያውቃል። መጠኑን ልቀንስ ይልና ደሟ ያለበትን ቱቦ ያያል፤ ቱቦው ውስጥ ወተት አለ፤ ቆሽቷ ይታሰበዋል። ልቀንስ ብል ትሞታለች፣ ልተወው ብል እግሯ ይሄዳል እያለ ሲጨነቅ ኣርኣያ አይቶታል። ጭንቀት ሲበዛበት ደግሞ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ በሽተኛዋን ጠረጠረ።

ያቺ ቅዳሜ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ናት፤ ዐቢይ ጾም አጋማሹን አልፏል፤ የናይሮቢ የዝናብ ወራት ገብቶ ፓርክላንድስ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ጥሩወርቅ ከዌስትላንድስ በእግሯ የምትመጣውን መንገድ ዛሬ በማታቱ፣ በዚያች የናይሮቢ ታክሲ፣ መጣች። ከማታቱው ስትወርድ ረዳቱ በብብቷ ይዞ አወረዳት። ኣርኣያ በመስኮት አያት፤ አንጀቱን በላችው፤ ግን ምን ያድርግ፣ እሱ ሐኪም አይደለም።

የላቦራቶሪው አብዱልፈታ፣ የሐረር ሰው ነው፣ እንደ ወትሮው ጾመሻል ወይ አላት፤ እንደ ወትሮው አዎ አለች፤ ቀዳት። ጥቂት ቆይቶ ቱቦውን ለሐኪሙ አምጥቶ ሰጠና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከላይ አንድ ጣት ሙሉ ነጭ ሰፍፎበታል።

ዶክተር ጃኒ ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ከዚያ ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ፤ ድምፁን አለማንሣቱ ነው ያስፈራው። መድኃኒቱ ከበጎ አድራጊዎች በልመና የሚመጣ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሌሎች አሉ። አራት እንክብልና ያን የሚያነድ ፍሬ የሚውጥ ሰው ደሙ ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ሊሆን አይችልም። ወይ አትውጠውም፣ ወይ ለሰው ትሰጠዋለች፣ ወይ ትጠጣለች። ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒቱን ለሚውጠው እሰጣለሁ፤ መዝገቧን እዘጋለሁ። ይህን ንገራት አለ።

ኣርኣያ ነገራት። ቃል በቃል ነገራት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የመጨረሻውን ምሳር የሚያነሣው እሱ መሆኑ ታወቀው። መድኃኒቱ ቢቀር ቆሽቷ አንድ ቀን ይገድላታል፤ ደግሞ ዋሽተሻል ተብላ ነው የምትሞተው።

ጥሩወርቅ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ሰማች። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ሳይሆን ወደ ኣርኣያ ዞረች።

"መምህር፣ ንገሩልኝ። መድኃኒቱን አንዲት ፍሬ ሳልዘል ውጫለሁ። ጾመሽ ነይ ባላችሁኝ ቅዳሜ ሁሉ ጾሜ መጥቻለሁ፤ አገር ምድሩ ሥጋ ሲበላ እንኳ እኔ ብቻዬን ጾሜያለሁ። ዛሬም ጠዋት የቀመስኩት የሱፍ ፍትፍትና ሻይ ነው። ቅቤ በአፌ አልዞረም፣ ወተት በአፌ አልዞረም። ማርያምን።"

"ምን አለች?" አለ ዶክተር ጃኒ።

ኣርኣያ ሊተረጉም ሲል ቃሎቹ አቆሙት። የሱፍ ፍትፍት። ቅዳሜ ጠዋት። ጾመሽ ነይ። ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባው። እሱ ልጅ ሆኖ የካቶሊክ አባቶች ጾመህ ና ሲሉት ምንም ሳትቀምስ ለቅዱስ ቁርባን ና ማለታቸው ነበር። ቃሉ በእሱ ጆሮ ዕድሜውን ሁሉ ባዶ ሆድ ማለት ነው። ለጥሩወርቅ ግን ጾም ሥጋና ቅቤ መተው ነው፤ ዘይት የጠገበ ሽሮ ጾም ነው፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ጾም ነው። ያን ሁሉ በልታ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደሟን ስትሰጥ፣ ደሟ ወተት ባይሆን ነበር የሚገርመው። ስምንት ወር መድኃኒት የተጨመረው ለበሽታዋ ሳይሆን ለቁርሷ ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። መድኃኒቱን ውጫለሁ ትላለች ብሎ ሌላውን ቢውጠው ማን ያውቅበታል። ሐኪሙ አያውቅም፤ እሷ አታውቅም። የኬንያ የመኖሪያ ወረቀቱ በዚሁ በአስተርጓሚነቱ እንደሚታደስ ደግሞ እሱ ያውቃል። ይህ ሁሉ በልቡ አለፈ፤ አላለፈም ብል መዋሸት ይሆናል። ደክሞት ነበር። ደካማ ሰው ደግሞ ቀላሉ መንገድ መጀመሪያ ይታየዋል።

እግሯን አየ። ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ማለት ስላቃታት ክሩን ሳታስር ነው የመጣችው።

በእንግሊዝኛ ጀመረ፤ እንደ ሕጉ "እኔ" እያለ። "መድኃኒቱን ሁሉ ውጫለሁ። ዛሬ ጠዋት ከመምጣቴ በፊት በልቻለሁ። በየወሩም በልቼ ነው የመጣሁት፤ ምክንያቱም ጹሚ ተብዬ ነበር።" ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረ። ኣርኣያ እጁን አነሣ። "እስከዚህ የእሷ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው 'እኔ' የእኔ ነው።"

ነገረው። የሀበሻ ኦርቶዶክስ ጾም ምን እንደሆነ፣ ቃሉን እንዴት ሳያስብ እንደሰጣት፣ ምን ገባሽ ብሎ አንድ ቀን እንኳ እንዳልጠየቃት ነገረው። በዚያች ምድር ሰባት ዓመት ሲናገር በራሱ ስም የተናገረው ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። ሲጨርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ዶክተር ጃኒ መጀመሪያ ተቆጣ። ስምንት ወር፣ አለ። ደጋግሞ አለው። የሴትየዋን ጡንቻ እያበላሸሁ ስምንት ወር አለ።  ሲነጋገሩ ሰምቶ የመጣው አብዱልፈታ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው፣ በየወሩ ጾመሻል ወይ እላታለሁ፣ አዎ ስትለኝ እንደ ረመዷን ጾም መስሎኝ ዝም እላለሁ አለ። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ።

"እናቴ" አለ ቀስ ብሎ፣ "በጾሟ ቀን ድንች በቅቤ ጠብሳ ትበላለች። ወተት በስኳር ትጠጣለች። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻታለሁ፤ ከእናንተ ሁሉ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

እንግዲህ አንዲት ቃል ናት፤ አራት ሰው ሰማት፣ አራቱም እንደየቤቱ ተረጎማት። ሐኪሙ መዝገቡን ሳበና ጻፈ። የሚያነድደው ፍሬ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ እንክብሉ ወደ ሁለት ይመለስ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምስ ትምጣ። ይህን ካለ በኋላ ኣርኣያን አየና፣ እባክህ፣ የገባትን መልሳ ትንገርህ አለው።

ኣርኣያ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልሸፋፈነም። ስትሰማ ፊቷ ላይ የጠበቀውን ቁጣ አላየም፤ ቢያይ ይሻለው ነበር።

"ስለዚህ ቀጣፊ አይደለሁም?" አለች።

"አይደለሽም።"

"አሁን ያውቃል? ሐኪሙ?"

"ያውቃል።"

 ከዚያ ነገሩን እንደ ባለሙያ ታብራራለት ጀመር፤ ማድ ቤት ውስጥ ለአዲስ ሠራተኛ እንደምታብራራው። ቅዳሜ መሆኑን ነው ሰው የማያስተውለው አለች። ቅዳሜና እሑድ በዐቢይ ጾም እንኳ ከእህል መከልከል ሥርዓት አይደለም፤ ከሥጋና ከወተት ብቻ ነው የሚጾመው። እንዲያውም ሐኪሙ ቅዳሜን መምረጡን አይቼ፣ ይሄ ሕንድ ሥርዓታችንን አጥንቷል ብዬ በልቤ አመሰግነው ነበር አለች። ጥቂት ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

"መምህር፣ እንደ ቆራቢ ሁነሽ ነይ ብትሉኝ እኮ አለቀ። ያኔ ይገባኝ ነበር።"

እንደ ቆራቢ። ቃሉ እዚያው ነበር፤ በእሷም ቤተ ክርስቲያን በእሱም ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ዓይነት ትርጉም ይዞ። ኣርኣያ አፈረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው ትክክለኛዋን ቃል ከወጥ ሠሪ አፍ ሲሰማ የሚያፍረውን ያህል አፈረ።

"ውሃ ግን ጠጪ" አላት ደንገጥ ብሎ፣ ቆራቢ ውሃም እንደማይቀምስ ትዝ ሲለው። "ውሃ ይፈቀዳል። መልሰሽ ንገሪኝ እስኪ።"

መልሳ ነገረችው። ሁለት ጊዜ አስደገማት።

ያን ሳምንት በስደተኞች ቢሮ ኣርኣያ አስቸጋሪ ሰው ሆነ። ባለጉዳዩ ቤት ሲል የትኛው ቤት፣ ወንድሜ ሲል የእናት ልጅ ነው የአጎት እያለ ያቋርጣል። ባለሥልጣኑ ሰዓቱን ያያል። ሥራው ዘገየ፤ ድካሙ እጥፍ ሆነ። እሱ ግን በእጥፉ አላማረረም። ከቢሮ ሲወጣ ግን አንድ ሐሳብ እስከ ፓርክላንድስ ይከተለዋል፤ ከእሷ በፊት ስንት ሰው ምን ብዬ ላክሁ የሚል። ለዚህ ሐሳብ መልስ አላገኘለትም፤ የሚያገኝለትም አይመስለውም።

ቅዳሜ ደረሰ። ጥሩወርቅ በማታቱ መጣች፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ ፊቷ ግን የራሷ መልክ ሆኗል። በጉያዋ ሳህን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። አብዱልፈታ ዛሬ ጾመሻል ወይ አላላትም፤ መጨረሻ ምን በላሽ፣ በስንት ሰዓት አላት። ዓርብ፣ ከማታው አንድ ሰዓት ላይ፣ ጥቂት ክክ አለች። ቀዳት።

ቱቦው ሲመጣ ሦስቱም ወንዶች ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ወተት የለበትም። ከደሙ በላይ የተንሳፈፈው ውሃ እንደ ቀጭን ሻይ ጥርት ያለ ነው። ቁጥሩ ገና ሰኞ ይመጣል፤ ዓይን ግን ዛሬ ያያል። አብዱልፈታ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አለ፤ ተረቱ ለደም የተተረተ እስኪመስል ድረስ ልክ ገባ።

ዶክተር ጃኒ ደስ አለው፤ ደስታው ግን ወዲያው ከፊቱ ወረደ። ሁለቱ እንክብል ይቀጥላል፣ ቆሽትን የሚጠብቅ እሱ ነው አለ። ምናልባትም ከጥቅምት ጀምሮ በቂ የነበረው ያ ብቻ ነው አለ። ኣርኣያ ይህችንም ተረጎማት። ለመተርጎም የከበደውን ያህል ለመስማት የከበዳት አልመሰለውም።

ጥሩወርቅ አስተርጓሚ አልጠበቀችም። በዚያች የሽንኩርትና የቲማቲም መግዣ ስዋሂሊዋ እግሯን በእጇ መታ እያደረገች፣ "ሚጉ ያንጉ፣ ዳክታሪ?" አለች። እግሬስ ማለቷ ነው።

"ፖሌ ፖሌ፣ ማማ" አለ ሐኪሙ። ቀስ በቀስ። ቀጥሎም ቃሏን አንድ ጊዜ ብቻ ደገማት፤ "ፖሌ።" በናይሮቢ ሁለት ጊዜ ከተባለ ቀስ በቀስ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተባለ ይቅርታ ነው። ጥሩወርቅ ሁለቱንም ታውቃለች፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሐኪሙ ለኣርኣያ በእንግሊዝኛ፣ ጉልበቷ ሁሉ ላይመለስ ይችላል፣ ይህንንም ማወቅ አለባት አለው።

ኣርኣያ "ይመለሳል" የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። መለሳት።

"ሁሉም ላይመለስ ይችላል፣ ነው የሚለው" አላት።

"እሺ" አለች። ያቺኑ የመጀመሪያዋን እሺ። "ሽንኩርት ተቀምጦም ይከተፋል።"

ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ጠረጴዛውን፣ ግድግዳውን፣ የኣርኣያን ክንድ ተራ በተራ እየያዘች ተቀመጠች። ጨርቁን ፈታች። ከውስጥ የሱፍ ፍትፍት ነው፤ ደሟን ከሰጠች በኋላ ልትበላው ያመጣችው። ልትጀምር ስትል ቀና ብላ አየችው፤ ከንፈሩን፣ ጉንጩን፣ ከወትሮው የገረጣ ፊቱን አየች። ሰው የሚያበላ ሰው የተራበ ፊት አይስትም።

"መምህር፣ እርስዎም አልበሉም።"

"ከትናንት ማታ ጀምሮ" አለ።

"ማን አዘዘዎት?"

"ማንም።"

 ስምንቱ ወር፣ እግሯ፣ ፊቷ ላይ የነደደው እሳት ለሌላ ቀን ቀረ። ኣርኣያ ይቅርታ ለማለት የሚበቃ ቃል ፈልጎ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ በእናቱ ትግርኛም አጣ። እሷ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋች።

"ይጉረሱ" አለችው። "የጾም ነው።"